ከስክሪን ወደ ጠረጴዛ

ሞኒሜከር፣ ማለትም «ገንዘብ ሠሪ»፣ የፊልም ስም ይመስላል አይደል? ግን የእውነት ስሙ ነው። ክሪስ ሞኒሜከር የ27 ዓመት የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. መቶ ዶላር በማይሞላ መግቢያ ኢንተርኔት ላይ ፖከር ተጫውቶ የ10,000 ዶላር ወንበር አሸነፈ፤ ላስ ቬጋስ ወደሚካሄደው የዓለም ውድድርም ሄደ። በአካል ተገኝቶ ሲወዳደር የመጀመሪያው ነበር።

ቤትህ ቁጭ ብለህ ስትጫወት እጅህ ቢንቀጠቀጥ ማን ያያል? ማውሱን ትጫናለህ፣ አለቀ። ካዚኖ ግን ቺፑን በእጅህ ነው የምትገፋው፤ ፊት ለፊትህ ያለው ሰው ትንፋሽህን ሳይቀር ያነባል። ሞኒሜከር ኮፍያና ጥቁር መነጽር አድርጎ ተቀመጠ።

መጨረሻ ላይ ከሳሚ ፋርሃ ጋር ሁለቱ ብቻ ቀሩ። በአንዱ ዙር ፋርሃ የተሻለ ካርታ ነበረው። ሞኒሜከር ምንም ሳይዝ ያለውን ቺፕ በሙሉ ገፋና ዝም አለ። ፋርሃ ትንሽ አሰበና ካርታውን ጣለ። ብዙም ሳይቆይ ጨዋታው አለቀ፤ የሒሳብ ሠራተኛው 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ።

ያኔ 839 የነበረው ተወዳዳሪ በዓመቱ 2,576 ሆነ። «እሱ ከቻለ እኔስ?» ያለው በዛ። ታሪክ ግን የአንዱን ስም ነው የሚይዘው። ኪሱን አራግፎ ወደ ቤቱ የተመለሰውን ማን ያወራለታል?