ኮረብታው ላይ የቀረው ሻለቃ

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ታሪክ ስናነብ ሆላንድን በአንድ መስመር እናልፋታለን፤ «በአምስት ቀን ወደቀች» ብለን። አምስት ቀን ግን ለሞተበት ሰው አጭር ነው እንዴ?

ጀርመን ገለልተኛይቱን ሆላንድ ጦርነት ሳታውጅ የወረረችው ግንቦት 2 ቀን 1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1940) ነው። ደቾች ጠላትን ለማገድ ብዙውን ሜዳ በውሃ አጥለቅልቀውት ነበር። ሬነን ከተማ አጠገብ ካለው የግሬበ ኮረብታ ፊት ለፊት ግን መሬቱ ደረቅ ነበርና የኤስ ኤስ ጦር በዚያ በኩል መጣ።

ከኮረብታው ተከላካዮች አንዱ የ8ኛው እግረኛ ሬጅመንት 1ኛ ሻለቃ አዛዥ፣ ሻለቃ ላንድዛት ነበር። ማዘዣ ጣቢያው በአንድ መካነ አራዊት አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ አደገኞቹ አውሬዎች እንዳያመልጡ አስቀድሞ ተገድለዋል። ሻለቃው ለጦሩ የሰጠው ትእዛዝ፣ እስከ መጨረሻዋ ጥይት ተዋጉ የሚል ነበር። ግንቦት 5 ቀን ተከበበ። ጥይት ሲያልቅ አብረውት የቀሩትን ጥቂት ሰዎች አሰናበተ፤ እሱ ግን እዚያው ቀርቶ ሞተ። በዚያው ቀን ንግሥት ዊልሄልሚና ወደ ለንደን ተሻገረች። በማግስቱ ሮተርዳም በቦምብ ነደደች፤ አገሪቱም እጇን ሰጠች።

ታዲያ ሞቱ ምን ጠቀመ? ከጦርነቱ በኋላ የአገሪቱ ከፍተኛ የጦር ሜዳ ኒሻን ተሰጠው። ይሁንና ይኸው ኮረብታ ሌላም ሰው ያስታውሰናል። ሃምሳ አለቃ ማየር ከነሰዎቹ ቦታውን ለቆ አፈግፍጓል ተብሎ፣ ግንቦት 4 ቀን ተፈርዶበት በዚያው ዕለት በገዛ ወገኖቹ ተረሸነ። ፍርዱ ከዓመታት በኋላ ብዙ ክርክር አስነሥቷል።

አንዱን በኒሻን አንዱን በዝምታ ማለፍ ለታሪክ ተማሪ አይበቃም። በውጊያው ከ400 በላይ የደች ወታደሮች ወድቀዋል፤ አብዛኞቹን በስም የሚያነሣቸው የለም። እኔን ከሻለቃው የበለጠ የማረከኝ መሞቱ ብቻ አይደለም። እስከ መጨረሻዋ ጥይት ብሎ ያዘዘ ሰው፣ ያቺ ጥይት ስታልቅ የሌሎቹን ነፍስ ለትእዛዙ ማሟያ አልጠየቀም፤ ዕዳውን ብቻውን ከፈለ። ማየርን የፈረዱበት ሰዎች ይህን ቢያዩ ኖሮ ምን ይሉ ነበር? እስቲ አንባቢ ይፍረድ።