አርብ ዕለት የማይቀመስ ቅቤ

ሱፐርማርኬት ገብቶ "ኦርጋኒክ" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን የማር ጠርሙስ ከመደርደሪያ ላይ አንስቶ ማገላበጥ የኛ ትውልድ ልማድ ሆኗል። ዋጋውን እናያለን፣ እንደነግጣለን፣ ከዚያ "ለልጆቹ እኮ ነው" እንልና ቅርጫታችን ውስጥ እንከተዋለን። ጠርሙሱን የምናገላብጠው ምኑን ለማየት ነው ብትሉን ግን መልስ የለንም። ቃሉን አነበብን፣ አመንን፣ አለቀ። ጋዜጠኝነት ስንማር "ምንጭህን አጣራ" እያሉ ዓመታት የለፉብን መምህራን ቢያዩን ምን ይሉ ይሆን?

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚሁ ነው። የምንነሳው ግን ከቦሌ ሳይሆን ከአርብ ገበያ ነው።

አርብ ገበያ የደቡብ ጎንደሯ ታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ፣ በሽሎ ከወሎ የሚለየው፣ ደጋና ቆላ የተቀላቀለበት ነው። ላይ ጋይንትና ስማዳ ጎረቤቶቹ ናቸው፣ አለፍ ሲል እስቴ አለ። ስሟ እንደሚነግራችሁ ከተማዋ የገበያ ልጅ ናት። ሰኞ ገበያ፣ ሐሙስ ገበያ እየተባሉ በቀን የሚጠሩ ቦታዎች በአገራችን ሞልተዋል፤ ሰው ቀኑን ያውቅ ነበር፣ ቦታው በቀኑ ተጠራ።

እስቲ አሁን አርብን አስቡት። አርብ ጾም ነው። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ካልሆኑ በቀር ጾመኛ ሰው አርብ ቅቤ አፉ አያስገባም። ገበያው ደግሞ አርብ ነው፤ ቅቤም ገበያ የሚወጣ ነገር ነው። ስለዚህ ለቤተሰቧ ቅቤ ልትገዛ የመጣች ጾመኛ የጋይንት እናት ዋናውን መሣሪያዋን፣ ምላሷን፣ ቤቷ ትታው ነው የምትመጣው። ታዲያ በምን ትለይ?

በአፍንጫ፣ በጣት፣ በዓይን። ጠጋ ብላ ታሸተዋለች፤ ለጋ ነው፣ መካከለኛ ነው ወይስ በሳል የሚለው እዚህ ላይ ይለያል። በጣቷ ጫፍ ቆንጠር አድርጋ መዳፏ ላይ ታሸዋለች፤ በሰውነት ሙቀት እንዴት እንደሚቀልጥ፣ አሬራው ምን ያህል እንደቀረበት ታያለች። ላዩ አምሮ ውስጡ ሌላ እንዳይሆን በቀጭን እንጨት ወጋ አድርጋ እንጨቱን ታሸታለች። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሻጯን ታያለች። የማን ልጅ ናት? ከየትኛው መንደር መጣች? ባለፈው አርብ እዚሁ ነበረች? የዛሬ ሳምንትስ ትመጣለች? ቅቤው የተበላሸ ከሆነ ወቀሳው የዛሬ ሳምንት ያው ቦታ ላይ፣ በሰው ፊት ይጠብቃታል። "ደንበኛ" የምንለው ነገር ትርጉሙ ይሄ ነበር። ዛሬ ደንበኛ ማለት ካርድ ያለው ሰው ማለት ሆኗል።

ይሄ መነካካትና ማሽተት ለቅቤ ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። የድሮው ገበያ ገንዘቡን ራሱን አያምንም ነበር። አሞሌ ጨው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ ወደ ደጋው እየወጣ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል፣ ጠርዙ የተሸረፈው ወይም እርጥበት የበላው እንደ ሙሉው አይቆጠርም። ማርያ ትሬዛ ብርም ከዚህ ምርመራ አላመለጠችም። የኦስትሪያዋ ንግሥት መልክ ያለባት፣ እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸባት ብር እኛ ገበያ ስትደርስ ባላገሩ ወደ ብርሃን አዙሮ የንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥር ነበር። ከጎደለ ወይም ከተፋቀ አይቀበልም። የአውሮፓ ተጓዦች በዚህ ነገር እየተማረሩ ጽፈዋል። እኛ ግን ስናነበው ኩራት ቢጤ ተሰምቶናል፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ከኛ በተሻለ ሌብል ያነብ ነበር ማለት አይደል?

ነገር ግን "ድሮ ሁሉም ንጹህ ነበር" የሚለውን ዜማ ለመዝፈን አልመጣንም። ሰው እንደዚያ የሚመረምረው የሚያታልል ስለነበረ ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ ያስፈለገው፣ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ምግብን ከባዕድ ነገር ጋር መቀላቀልን ወንጀል ያደረገው ሁሉም ጻድቅ ስለነበረ አይደለም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ያኔ ተቆጣጣሪዋ ራሷ ገዢዋ ነበረች፣ ለዚያም የሚሆን እውቀት በእጇ ላይ ነበራት።

አሁን ወደ "ኦርጋኒክ"ነቱ እንምጣ።

የፋብሪካ ማዳበሪያ በአገራችን ዕድሜው አጭር ነው። ለገበሬው በስፋት መድረስ የጀመረው በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ድጋፍ አርሲ ውስጥ ከተቋቋመው፣ "ካዱ" እየተባለ ከሚጠራው የጭላሎ ፕሮጀክት ወዲህ ነው። ነገሩ በመላው አገር የጋለው ደግሞ በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ከገባ በኋላ ነው። ኖርማን ቦርሎግና ጂሚ ካርተር ከጀርባው የነበሩበት ፕሮግራም ነው፤ መንግሥትም ትምህርቱን ወስዶ ዳፕ፣ ዩሪያና ምርጥ ዘር በብድር የሚያድል የራሱን የኤክስቴንሽን ሥራ አስፋፋ። ስለዚህ አያቶቻችን የበሉት ሁሉ፣ ማንም ሳይለጥፍበት፣ ኦርጋኒክ ነበር።

ጋይንትስ? እዚህ ላይ ነው የከተማው ፍቅራችን ትንሽ የሚያሳፍረው። በእንዲህ ያለ አገር አንድ ማሳ ማዳበሪያ ሳይነካው ሲቀር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የገበሬው ምርጫ አይደለም። መሬቱ ተዳፋት ነው፣ አፈሩ በጎርፍ የታጠበ ነው፣ ዝናቡ አይታመንም። ማዳበሪያ በብድር ወስዶ ዝናብ የቀረበት ገበሬ እጁ ላይ የሚቀረው ዕዳው ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ታች ጋይንትን፣ ላይ ጋይንትንና ስማዳን ማቀፉ ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ቦሌ ላይ "ኬሚካል ያልነካው" ብለን እጥፍ የምንከፍልበት ነገር እዚያ የእጦት ምልክት ሊሆን ይችላል። እጥፉ ክፍያ ደግሞ ገበሬው ጋ አይደርስም፤ ጠርሙሱ ላይ ቃሉን የለጠፈው ሰው ጋ ይቀራል።

ኦርጋኒክ ከእጦት ሳይሆን ከሥራ የሚመጣበትን መንገድ ያሳዩን ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ናቸው። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ትግራይ ውስጥ ከገበሬዎች ጋር ኮምፖስት እያዘጋጀ፣ እርከንና የውሃ ማቆሪያ እየሠራ ምርቱን ማሳ ለማሳ አነጻጸረ። ኮምፖስት ያገኘው ማሳ የፋብሪካ ማዳበሪያ ካገኘው ጋር እኩል፣ ብዙ ጊዜም የተሻለ ሰጠ። ዶክተር ተወልደብርሃን እ.ኤ.አ. በ2000 "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን ሽልማት አግኝተዋል፤ ያረፉት በ2015 ዓ.ም. ነው። ኮምፖስት ግን ጉልበት ይፈልጋል፣ ፍግ ይፈልጋል። ማገዶ በጠፋበት ደጋ ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ያልቃል። ነገሩን "ለምን አይሠሩትም?" ብሎ መጠየቅ ቀላል የሚሆነው ጋዝ ወይም ኤሌክትሪክ ምድጃ ላለው ነው።

ሕግም አለን። የኢትዮጵያ ኦርጋኒክ የግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሰርተፍኬቱን በቁም ነገር የሚፈልገው ግን የውጭ ገዢ ነው፤ በብዛትም የሚሠራው ለቡና ነው። እዚያም ቢሆን የተፈጥሮ ነው ማለት ብቻውን አልበቃም። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ አለችና ግዢዋ አሽቆለቆለ። ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። ዛፉ ሥር መርጨት የማያውቅ ገበሬ፣ ቡናው በመጣበት ከረጢት የተነሳ ገበያ አጣ።

እኛ ደግሞ የኛን ከረጢት አናውቀውም። ቅቤው ከገጠር ገበያ ተነስቶ ሰብሳቢ እጅ ይገባል፤ ከሰብሳቢው ወደ ትልቅ ከተማ፣ ከዚያ መርካቶ፣ ከመርካቶ የሰፈራችን ሱቅ። ማንም ምንም ባይጨምርበት እንኳን የብዙ ቤት ቅቤ አንድ ላይ ተደፍጥጦ ነው የሚመጣው። የተረፈን የቦታ ስም ብቻ ነው፦ የሸኖ ቅቤ፣ የማረቆ በርበሬ፣ የአድአ ማኛ። የቦታ ስም ዋጋ እንዳለው በ1999 ዓ.ም. መንግሥት ከስታርባክስ ጋር በሲዳሞ፣ በሐረርና በይርጋጨፌ ስሞች ተከራክሮ ሲስማማ አይተናል። የሰፈራችን ባለሱቅ ግን "ሸኖ ነው" ለማለት ከማንም ጋር መስማማት አያስፈልገውም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ላይ ሙዝና የሚረጋ ዘይት፣ ማር ላይ ስኳር። በ2010 ዓ.ም. ገደማ እንጀራ ላይ ጀሶ የመቀላቀሉ ዜና አዲስ አበባን ሲያስደነግጥ ብዙ እናቶች ምጣዳቸውን ከጓዳ ያወጡት በቁጣ ነበር። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይሄን ሁሉ ይከለክላል። ችግሩ ተቆጣጣሪው ከያንዳንዱ ኪሎ በርበሬ ጋር አብሮ አለመሄዱ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳንነግራችሁ አንለፍ፤ እኛን በጣም ያሳሰበን እሱ ነው። "የተፈጥሮ ነው?" እና "ለልጅ ይሆናል?" የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና አካባቢዋ የተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎችን ሲመረምር በሁሉም ላይ አፍላቶክሲን አገኘ። በአውሮፓው መለኪያ ያለፉት 9 ብቻ ነበሩ። አፍላቶክሲን የሻጋታ መርዝ ነው፤ ማንም አልረጨውም፣ ከፋብሪካም አልወጣም። የተጠረጠረው ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነው። ኑግ የኛው የአገር ቤት ሰብል፣ ፋጉሎውም የዘይቱ ተረፈ ምርት ነው፤ ከዚህ የበለጠ "ተፈጥሯዊ" የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? ሻጋታው የሚመጣው ከእርጥብ መጋዘን ነው። እንግዲህ "ኦርጋኒክ" የሚለውን ቃል እያሳደድን፣ የሻገተ ለውዝና እርጥብ የተፈጨ በርበሬ ዝም ብለን ቤት ልናስገባ እንችላለን። የጋይንቷ እናት አፍንጫ ግን እህል ሲሻግት ከሩቅ ይለይ ነበር።

(መርጨቱም ቀልድ አይደለም፤ ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ የሚመጣው ቲማቲምና ሽንኩርት ብዙ ርጭት እንደሚያይ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ልጣጩን ላጥ፣ ቅጠሉን በሚፈስ ውሃ ታጠብ አድርጉት።)

አዲስ አበባ ውስጥ ከ2014 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተለመደው የእሁድ ገበያ ለኛ የአርብ ገበያ የሩቅ ዘመድ ነው። ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ምርታቸውን ይዘውበት ይመጣሉ። ከኛ መካከል አንዳንዶቻችን በርበሬ ከዱቄት ይልቅ ዛላውን መግዛት ጀምረናል፤ ዛላ ላይ ሸክላ አይቀላቀልም፣ የሻገተውም በዓይን ይታያል። ማጠቡ፣ ማስጣቱና ማስፈጨቱ ግን ቅዳሜን ሙሉ ይበላል። ቅቤ ስንገዛ ደግሞ ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት "ባለፈው እሁድ እዚሁ ነበራችሁ?" እንላለን። አንዳንዱ "ነበርን፤ እዚያ ጥግ" ብሎ ያሳየናል። አንዳንዱ ያልሰማ መስሎ ሌላ ገዢ ያስተናግዳል።