ሙሴ ቶንሰን ሲድኒ ገባ

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ቀልድ ነው። ከለንደን በመርከብ ተጉዞ፣ እንግሊዝ እስረኞቿን ወደምታግዝባት ሲድኒ ስለገባ ቀልድ።

መጀመሪያ ሰውየውን እንወቀው። ባርኔት ሌቪ ይባላል፣ የለንደን አይሁዳዊ ነው። ወንድሙ ሰለሞን በሻይ ስርቆት ተባባሪ ነህ ተብሎ አውስትራሊያ ተጋዘ፤ ነጻ ሲወጣ ትልቅ ነጋዴ ሆነ። ባርኔት ግን በ1821 በገዛ ፈቃዱ ነው የመጣው።

ባርኔት ቲያትር ቤት ይመኝ ነበር። ገዥው ዳርሊንግ ግን ፈቃድ ከለከለው። (በነገራችን ላይ፣ ሕንጻው አናት ላይ የንፋስ ወፍጮ ሁሉ ተክሎ ነበር፤ በሱም ተጨቃጭቀዋል!) ቀጥሎ የመጣው ገዥ ቡርክ ፈቀደለት፣ ግን በቅድመ ሁኔታ፦ ለንደን ውስጥ ፈቃድ ባለው ቲያትር ቤት ያልታየ ነገር ሲድኒ መድረክ ላይ አይወጣም። እዚያው አገር ስለተፈጠረ ኑሮ መጫወት የለም ማለት ነው።

ታኅሣሥ 26 ቀን 1832፣ ሮያል ሆቴል አዳራሽ። መጀመሪያ የጄሮልድ «ጥቁር ዓይኗ ሱዛን» ታየ። ከዋናው ቲያትር በኋላ አጭር ቧልት ማሳየት የዘመኑ ልማድ ነበር፣ በኋላ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመንም ቀጥሏል። የዚያን ምሽቱ ቧልት «ሙሴ ቶንሰን» ነበር። ሙሴ ስል ነቢዩን አይደለም፤ አያቶቻችን ፈረንሳዊን የሚጠሩበትን ሙሴ ነው!

ታሪኩ እንዲህ ነው። ለንደን ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ ስደተኛ አለ፣ ጸጉር አስተካካይ። አንድ ቀልደኛ ጎረምሳ በሩን እያንኳኳ «ሚስተር ቶምሰን እዚህ ይኖራሉ?» ይለዋል። «ሙሴ ቶንሰን? የለም!» ይላል ምስኪኑ። ያ ጎረምሳ ተመልሶ ይመጣል። እንደገና ያንኳኳል። ሳቁ በሙሉ ያለው ስደተኛው ስሙን መጥራት ባለመቻሉና እንቅልፍ በማጣቱ ላይ ነው።

እኔ ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ፤ በስልክ ስሙን ሲናገር፣ ከወዲያ በኩል «ማ? ማ?» ሲሉት።

እና ሲድኒ ውስጥ የሚስቀው ማን ነበር? ከተማዋ ከአገራቸው በተባረሩ ሰዎችና በልጆቻቸው የተሞላች ነበረች። ያቀረበላቸውም የእስረኛ ወንድም፣ አይሁዳዊ። ሌቪ ሆን ብሎ መረጠው አልልም። የተፈቀደለት የለንደንን ሳቅ ማምጣት ብቻ ነበር፣ የለንደን ሳቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመጤ ላይ ነው። ግን አዳራሹን ሳስበው፣ ሲስቁ አንዳንዶቹ ትንሽ ዘግይተው የሳቁ ይመስለኛል።

በ1833 ሌቪ የራሱን ቲያትር ሮያል ከፈተ፤ የመክፈቻው ምሽትም ያለ ቧልት አላለፈም፣ «አየርላንዳዊው ለንደን ውስጥ» የሚል። አሁንም መጤ! ሌቪ በ1837፣ ቪክቶሪያ በነገሠች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ39 ዓመቱ ሞተ። በ1838 በንግሥቲቱ ስም የተሰየመ አዲስ ቲያትር ቤት ሲድኒ ውስጥ ተከፈተ። የሌቪው በ1840 ተቃጠለ። ቧልቶቹ ግን በየመርከቡ መምጣታቸውን አላቆሙም።