መኪናው ባይገለበጥ ኖሮ

በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ሰሞን የክፍላችን ሯጮች ከጣና ዳር ተነሥተው ቤዛዊት ኮረብታ ደርሰው ተመለሱ። እኔም ከኋለኞቹ ጋር ነበርኩ። ታንኳዎች ከሚቆሙበት አጠገብ ዋርካ ሥር ተቀምጠን ላባችንን ስናደርቅ የሁልጊዜው ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን፣ «ያ መኪና ባይገለበጥ ኖሮ አበበ ቢቂላ ሦስተኛ ወርቅ ያመጣ ነበር» አለ። ሌላው፣ «ሦስተኛ ብቻ? አራተኛም ጭምር እንጂ!» ሲል ጨመረበት። የታሪክ መምህራችን ይህን ሰምተው፣ «ባይሆን ኖሮ የሚል ሰው አስቀድሞ የሆነውን ከነቀኑ ይጻፍ» አሉ። ትእዛዙም ብዙ ለተናገርኩት ለእኔ ደረሰ።

የሆነውስ እንዲህ ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ተወለደ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለት በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ወርቅ አገኘ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ሁለተኛ የወጣውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። ከእርሱ በፊት የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው አልነበረም። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ባለው መንገድ ላይ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች፤ ከዚያ ወዲያ በእግሩ አልሄደም።

ከዚህ አደጋ አርባ ቀን ሳይሞላ አስቀድሞ፣ በየካቲት ወር፣ ፉኩዛዋ ሳቺዮ የተባለ ጃፓናዊ የእሽቅድምድም መኪና ነጂ የቶዮታን መኪና በመሞከሪያ መንገድ ላይ ሲፈትን ሞተ። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። እንዲህ ያለው ወጣት ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ ያልተሮጠው ውድድር ሁሉ የእርሱ ሊሆን ይችላልና፣ ማንም ተነሥቶ «የለም» ሊል አይችልም። አበበ ግን መኪናው ሲገለበጥ 36 ዓመት አልፎት ነበር፤ ሩጫውም ከመኪናው በፊት መቆም ጀምሮ ነበር። በጥቅምት ወር 1959 ዓ.ም. በኮሪያ ከኢንቾን እስከ ሴውል ያለውን ማራቶን ካሸነፈ በኋላ ሌላ ዓለም አቀፍ ማራቶን አልጨረሰም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ እግሩ ታምሞ ሳለ ተሰልፎ፣ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ይህ የሆነው ከመኪናው አደጋ አምስት ወር አስቀድሞ ነው። እኛ በዋርካው ሥር የመኪናውን ስንወቅስ የእግሩን ረስተን ነበር።

«ታዲያ ቢድን ኖሮስ?» ይባላል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ለአበበ ምስክር አለለት። ምስክሩም ማሞ ወልዴ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት፣ በ1924 ዓ.ም.፣ ተወለዱ፤ ማሞ ሁለት ወር ያህል ይበልጣል። ሁለቱም የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ፤ በአንድ አገር ከፍታም አብረው ተለማመዱ። አበበ ባቋረጠበት በሜክሲኮው ቀን ያሸነፈው ማሞ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ፣ በ40 ዓመቱ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሮጦ ሦስተኛ ወጣ። የሙኒክ ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው፤ ሮማ ላይ አበበ ካሸነፈ ልክ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው ማለት ነው። ስለዚህ ጤናማ እግር ያለው የአበበ እኩያ በሙኒክ ምን ሊያገኝ ይችል እንደ ነበር እናውቃለን። ነሐስ ነው። ነሐስን አልናቅሁም፤ በ40 ዓመት ማን ያገኘዋል? ነገር ግን ጓደኛዬ የቆጠረው ወርቅ አይደለም።

ደግሞም የማሞ ምስክርነት ሙኒክ ላይ አያበቃም። እኛ ለአበበ የምናስብለት ዕድሜ የሜዳልያ ብቻ ነው። አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ሞተ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ። አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። የክብር ዘበኛ መኮንን ሆኖ ያንን ዘመን መሻገር እንዴት ያለ እንደ ነበር ማሞ ያውቀዋል። በቀይ ሽብር ጊዜ በተፈጸመ ግድያ ተከስሶ፣ አልገደልኩም እያለ ሲከራከር፣ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታሰረ። በ1994 ዓ.ም. ተፈርዶበት የታሰረበት ዘመን ተቆጥሮለት ተፈታ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት 18 ቀን ሞተ። አበበም እንዲሁ ይሆን ነበር አልልም። ብቻ መኪናዋን ከመንገዱ ያነሣ ሰው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሁሉ አብሮ መቀበል አለበት።

ከዚህም ሌላ የሚጠፋ ነገር አለ። አበበ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ወራት ታክሞ፣ በ1962 ዓ.ም. እዚያው በአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በሚከተለው ዓመት ኖርዌይ በእንግድነት ተጠርቶ ሄዶ፣ ውሾች በሚስቡት የበረዶ ጋሪ በ25 ኪሎ ሜትር እሽቅድምድም አንደኛ ወጣ። ሙኒክም ቢሆን አልቀረም፤ የክብር እንግዳ ሆኖ ባለ መንኮራኩር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። የዚያን ዕለት የማራቶኑ አሸናፊ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳልያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ ጨበጠው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለጓደኛዬ አነበብኩለት። ስለ ማሞ ሲሰማ ዝም አለ፤ ስለ ነሐሱ ትንሽ ተከራከረኝ። ኖርዌይ ላይ ስደርስ ግን አቋረጠኝና፣ «ቆይ እስቲ፣ በረዶ ላይ? በውሻ?» አለ። ሁለት ጊዜ አስደግሞኝ ሳቀ፤ ለሌሎቹም ሊነግር ወደ ሐይቁ ሮጠ።