ቱፋን (የ2024 ፊልም)

ቱፋን በራይሃን ራፊ ዳይሬክተርነት የተሠራ የቤንጋልኛ የወሮበሎች አክሽን ትሪለር ፊልም ነው። ለእይታ የበቃው በባንግላዴሽ በ2024 እ.ኤ.አ. በዒድ አል አድሃ (አረፋ) በዓል ነው። ስሙ በቤንጋልኛ «ማዕበል» ማለት ነው።

ታሪኩ
ዘመኑ 1990ዎቹ ነው። ቱፋን የሚፈራ የወሮበሎች አለቃ ሲሆን፣ ሻንቶ ደግሞ ታዋቂ ተዋናይ ለመሆን የሚመኝ ወጣት ነው። የሁለቱ መልክ አንድ ዓይነት በመሆኑ ሻንቶ የእሱ ያልሆነ ጣጣ ውስጥ ይገባል።

ተዋንያን
ሁለቱንም ገጸ ባሕርያት የሚጫወተው ሻኪብ ኻን ነው። ሚሚ ቻክራቦርቲ፣ ማሱማ ራህማን ናቢላና ቻንቻል ቾውድሪም ይተውኑበታል። ቾውድሪ ወንጀለኛውን የሚያሳድድ መርማሪ ፖሊስ ሆኖ ይሠራል። እሱና ናቢላ በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው «አይናባጂ» በተባለው ፊልምም አብረው ተውነዋል።

አሠራርና ሥርጭት
ፊልሙን በጋራ ያቀረቡት የባንግላዴሾቹ አልፋ አይና ቾርኪ ከኮልካታው ኤስ.ቪ.ኤፍ. ጋር ነው። ቤንጋልኛ በባንግላዴሽም በሕንዷ ምዕራብ ቤንጋልም የሚነገር በመሆኑ፣ ፊልሙ በሁለቱም አገሮች ያለ ትርጉም ሊታይ ችሏል። በሕንድ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው በጁላይ 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ፕሪቶም ሃሳን የዘፈነው «ላጌ ኡራ ዱራ» ከፊልሙ ዘፈኖች አንዱ ነው።