ሕገ መንግሥት ያረቀቁት መድፈኛ

ስሙኝማ የመሰላ ሰዎች! ዛሬ «የላም በረት» የምትሉልኝ ተረት አልያዝኩም። የያዝኩት የጎረቤታችሁን ታሪክ ነው።

ኢትዮጵያ በጽሑፍ ሕገ መንግሥት ስትተዳደር የመጀመሪያውን ያረቀቁላት ማን ናቸው? ጠበቃ አይደሉም፣ ዳኛም አይደሉም። መድፈኛ ናቸው፤ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም።

በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ሐረር ራስ መኮንን ዘንድ ገቡ፤ ዐድዋንም በልጅ ዓይናቸው አዩ። ከዚያ ሊዮንቲየፍ የሚባል ሩሲያዊ ይዟቸው ሄደ። ሩሲያ የመድፍ ትምህርት አስተማረቻቸው፣ መኮንን አድርጋ መለሰቻቸው። ተመልሰው ቢያዩ፣ አዲስ አበባ «ቴአትር» እያለች የምታየው ዘፈንና ጭፈራ ነው። ቴአትር ምን እንደሆነ ላሳያቸው አሉና በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ»ን ጻፉ። የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ የሚነኩት ግን መኳንንቱን ነው። ንግሥት ዘውዲቱ ከለከሉት።

ቀጥሎ ወደ እኛ መጡ። የቸርቸር አውራጃ ገዥ ሆነው ሲሾሙ የአውራጃው መቀመጫ ኩኒ ነበር። እሳቸው ግን በፕላን የተቀየሰች አዲስ ከተማ ቆረቆሩና በራስ ተፈሪ ስም አሰበ ተፈሪ አሏት፤ ዛሬ ጭሮ የምንላት። ባቡሩ የሚያልፈው ከታች በሚኤሶ ነው፤ የደጋው ቡና ደግሞ ወደዚያ መውረድ አለበት። ስለዚህ ኩኒ ተቀምጦ ግብር መቁጠር አልበቃቸውም። ኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ይህንኑ አውራጃ ገዝተዋል። አንድ መድፈኛ፣ አንድ ሐኪም! ሌላው አገር በዘር ሐረግ ሲሾምለት ቸርቸር ሁለት የተማሩ ገዥዎች አገኘች፤ እኔ ዕድለኛ ነበረች እላለሁ።

ራስ ተፈሪ ዘውድ ጭነው ንጉሥ ሲሆኑና ሕገ መንግሥት ሲፈልጉ ሥራው ለተክለ ሐዋርያት ተሰጠ። እሳቸውም ዓይናቸውን ወደ ጃፓን ጣሉ፤ የሜጂን ሕገ መንግሥት አርአያ አደረጉ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. 55 አንቀጽ ያለው ሰነድ ተፈረመ። የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተቋቋመ። እንግዲህ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ፦ የመወሰኛውን አባላት የሚመርጡት ንጉሡ፤ የመምሪያውን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት። የንጉሡ ሥልጣን አይነካም፣ ዙፋኑም ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ዘር አይወጣም። «ፋቡላ»ን የጻፈ እጅ ይህን ጻፈ ወይ? ጻፈ። እኔ አልፈርድባቸውም፤ መሳፍንቱን በወረቀት ማሰር በራሱ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ሕገ መንግሥት ላይ እጁን ያኖረ መድፈኛ ሌላም አለ፤ በካሪቢያን ባሕር ደሴት በጃማይካ ኖርማን ማንሊ የሚባል ሰው ነበር። እሱም በአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፈኛ ነበር፤ ኋላ ግን ኦክስፎርድ ሕግ ተምሮ ዝነኛ ጠበቃ ሆነ፤ ከጠበቃነት ወደ ፖለቲካ ገብቶም የደሴቲቱን መንግሥት መራ። በ1954 ዓ.ም. የነጻነት ሕገ መንግሥቷ ሲረቀቅ እሱ አለበት፤ የነጻነቱን ምርጫ ግን ተሸነፈ። እሱን ከሥልጣን ያወረደው የድምፅ መስጫ ሳጥን ነው። የኛው ሰው ዕጣ ሌላ ነው።

ጣልያን ሊወር ሲዘጋጅ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ለኢትዮጵያ ተሟገቱ። በዕድሜያቸው የጥብቅና ሥራ ከሠሩ፣ ያቺ ናት፤ ዳኞቹ ግን ጆሮ አልነበራቸውም። ከዚያ ወደ አገር ተመለሱ፤ ጦሩ ተፈትቶ ንጉሡ ከአገር ሲወጡ ተክለ ሐዋርያት መውጣታቸውን ተቃወሙ። እሳቸውም በጅቡቲ አድርገው ተሰደዱ፤ ማዳጋስካር ድረስ ደረሱ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላም ለብዙ ዓመት አልተመለሱም።

በመጨረሻ የመጡት የት ነው? አዲስ አበባ አይደለም፤ ሂርና! እዚሁ፣ ከጭሮ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ እርሻ ያዙ። ያረቀቁት ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. በሌላ ተተካ፤ ያም በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተሻረ፤ ሁለቱንም በሕይወት ቆይተው አዩ። በ1969 ዓ.ም. አረፉ። የጻፉት የሕይወት ታሪክ የታተመው ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ «ኦቶባዮግራፊ» ይባላል። የመድፈኛ አጻጻፍ ነው፤ ማንንም አይምርም፣ ንጉሡንም ጭምር።