ጄት ስኪ፦ የቤት ውስጥ ጥገናና ማሻሻያ

ጄት ስኪ ከሆዱ ሥር ውሃ ስቦ በስተኋላ በኃይል በመርጨት የሚጓዝ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰው የሚጭን አነስተኛ የውሃ ላይ ተሽከርካሪ ነው። የካናዳው ቦምባርዲየር የመጀመሪያውን ሲ-ዱ በ1968 እ.ኤ.አ.፣ የጃፓኑ ካዋሳኪ ደግሞ ቆመው የሚነዱትን ዓይነት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ አቀረቡ። ሞተሩ ከሞተርሳይክል ሞተር ብዙም ስለማይርቅ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ ካንዴላ መፍታት ወይም ባትሪ ቻርጅ ማድረግ የጋራዥ ልምድ ላለው ሰው አያስቸግርም። ልዩነቱን የሚያመጣው ውሃው ነው፤ አብዛኛው ብልሽትም ከዚያ ይነሳል።

ባሕር ላይ የዋለ ጄት ስኪ በዚያው ቀን ውስጡ በንጹህ ውሃ መታጠብ አለበት። በብዙ ሞዴሎች የሚጓዝበት ውሃ ራሱ በሞተሩ ውስጥ እያለፈ ስለሚያቀዘቅዘው ጨውና አሸዋ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ይቀራሉ። የሲ-ዱ ባለአራት ምት ሞተሮች እንደ መኪና የራሳቸው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አላቸው፤ የጭስ ማውጫቸው ግን የሚቀዘቅዘው በውጭው ውሃ ስለሆነ እነሱም ከመታጠብ አይቀሩም። በአጠባው ውስጥ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳል፣ ቀጥሎ የጎማው ውሃ ይከፈታል፤ ሲያበቃ ውሃው ቀድሞ ይዘጋል፣ ሞተሩ በመጨረሻ ይጠፋል። ሞተሩ ቆሞ ውሃው ከፈሰሰ የሚገፋው ጭስ ስለሌለ ወደ ሲሊንደር ይመለሳል። ውሃ ደግሞ እንደ አየር አይታመቅም፤ በዚህ ሁኔታ ሞተሩ ሲነሳ ቢዬላው ሊጣመም ይችላል።

ሞተሩ እየጮኸ ጄት ስኪው የማይፈጥን ከሆነ ጥፋቱን በቅድሚያ ከፓምፑ መፈለግ ይገባል። ውሃውን የሚገፋው ኢምፔለር በዙሪያው ካለው ቀለበት ጋር ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። የገባ ጠጠር ቀለበቱን ሲቧጭረው ክፍተቱ ይሰፋና ግፊቱ ይላላል። በብዙ የሲ-ዱ ሞዴሎች ቀለበቱ ፕላስቲክ ነው፤ ከኢምፔለሩ ይልቅ እሱ እንዲጎዳና በቀላሉ እንዲቀየር ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። እንደ እምቦጭ ያለ ተክል የበዛበት ውሃ ደግሞ የመሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ሞተሩ ሳይጠፋ እጅ ወደዚያ መስደድ ጣት ያስቆርጣል።

ወደ ማሻሻያ ሲመጣ ብዙ ባለቤቶች ከሞተሩ ይጀምራሉ፤ የተሻለው ግን ከኢምፔለሩ መነሳት ነው። የምላጮቹ ዝንባሌ ሲቀንስ ሞተሩ በቀላሉ ይሽከረከራል። ይህ በከፍታ ቦታ ትርጉም አለው፦ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለው ጣና ባለ ሐይቅ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ሱፐርቻርጀር የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከ15 በመቶ በላይ ያጣል። ሱፐርቻርጀር ያላቸው የቀድሞ የሲ-ዱ ሞዴሎች ሌላ ትኩረት ይሻሉ። የሴራሚክ ዋሸሮቻቸው ሲሰበሩ ስብርባሪው ከዘይቱ ጋር ሞተር ውስጥ ስለሚገባ፣ በብረት መተካታቸው ከማንኛውም የፍጥነት ማሻሻያ ይቀድማል።

የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በቀፎው ወለል ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ ነዳጅ ከተሞላ ወይም የነዳጅ መስመር ከተነካ በኋላ ወንበሩን አንስተው ሳያናፍሱና ሽታ አለመኖሩን ሳያረጋግጡ ሞተሩን አያስነሱ።